ስለ «ፉሪዮሳ» ፊልምና ስለ ቅዳሜ ከሰዓት፦ ለአዳራሻችን አስተዳደር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጅማ፣ ሚያዝያ 2016 ዓ.ም.

ለአዳራሹ አስተዳደር እና ለፊልም መራጭ ኮሚቴው

ጉዳዩ፦ ከመርሐ ግብር ስለወጣው የ«ፉሪዮሳ» ፊልም

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና የኮሚቴው አባላት፣

እኛ በጅማ ከተማ የምንኖር የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ወዳጆች ባለፈው ወር በአዳራሹ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ካነበብን በኋላ በቅድሚያ በጽሑፍ አቤት ብለናል፤ መልስ ስላላገኘን ግን ጉዳዩን የከተማው ሕዝብም እንዲያውቀው ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ ተገደናል። ማስታወቂያው እንደሚለው የቅዳሜ ከሰዓት የውጭ ፊልም ሰዓት ከግንቦት ወር ጀምሮ ለእግር ኳስ ሥርጭት ተሰጥቷል። በአዲስ አበባ ከታየ በኋላ ወደ እኛ እንደሚመጣ ነግራችሁን ስንጠብቀው የነበረው «ፉሪዮሳ» የተባለው አዲስ ፊልምም ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ከመጣም በማታው መርሐ ግብር፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «ሊታይ ይችላል» ተብሏል።

ባለታሪኳን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ማስረዳት ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ማድ ማክስ፦ ፉሪ ሮድ» ውስጥ ውኃ፣ ነዳጅና ጥይት በጥቂት አምባገነኖች እጅ በገቡበት፣ ምድሪቱም አሸዋ በሆነችበት የወደፊት ዘመን፣ ኢሞርታን ጆ የተባለ ገዥ ልጅ እንዲወልዱለት ቆልፎ ያስቀመጣቸውን አምስት ሴቶች በቦቴ መኪናዋ ሸሽጋ ይዛ የወጣችው አዛዥ ፉሪዮሳ ናት። የፊልሙ ርእስ የወንዱን ባለታሪክ ስም ቢይዝም መሪውን የጨበጠችውም፣ ጉዞውን ያቀደችውም፣ በመጨረሻ ወደ ገዥው አምባ ከፍ ብላ የወጣችውም እሷ ናት። አንድ እጇ የብረት ነው፤ እንዴት እንዳጣችው ፊልሙ አይናገርም። ስለ ትውልዷም የምንሰማው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፤ በልጅነቷ ከእናቷ ጋር ከአረንጓዴው ስፍራ ተጠልፋ መወሰዷን፣ እናቷ በሦስተኛው ቀን መሞቷን፣ ከዚያ ወዲህ 7,000 ቀናትና የማታስታውሳቸው ሌሎች ቀናት ማለፋቸውን። አዲሱ ፊልም የዚህችን ልጅ ሕይወት ከጠለፋው ቀን አንሥቶ የሚተርክ ቅድመ ታሪክ ነው። ግንቦት 7 በካን የፊልም ፌስቲቫል ከውድድር ውጪ ይታያል፤ ግንቦት 16 ደግሞ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ይከፈታል። ዳይሬክተሩ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጀመሪያው ፊልም ይህን ዓለም የፈጠሩት ጆርጅ ሚለር ናቸው፤ ወደ ፊልም ከመግባታቸው በፊት ሐኪም እንደነበሩ፣ ሕክምና የሚያጠኑ አባሎቻችን በየስብሰባው ሳያነሡት አይቀሩም።

የፉሪዮሳ ያለፈ ሕይወት ዛሬ ገበያ ስለተገኘለት የተፈበረከ ታሪክ እንዳልሆነም ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ሚለርና የጽሑፍ ባልደረባቸው ኒኮ ላቱሪስ የ2015ቱ ፊልም ገና ሳይቀረጽ፣ ተዋናዮቹ ባለታሪኳ ከየት ተነሥታ የት እንደደረሰች እንዲያውቁ ብለው ሙሉ የፊልም ጽሑፍ አዘጋጅተውላት ነበር። ስለዚህ ተመልካቹ በ2015 በፊቷ ላይ ያየው ዝምታና ቁጣ በውስጡ አስቀድሞ የተጻፈ ሕይወት ነበረው። እኛም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንጠብቅ የቆየነው ያንን ሕይወት ነው።

ጅማ ላይ ሆነን የምንጠብቅበት ተጨማሪ ምክንያት አለን። ከዞናችን ቀበሌዎች ስንትና ስንት ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር እንደሄዱ፣ በየቤቱ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ከአባሎቻችን አንዷ በወጣትነቷ ሄዳ በሰው ቤት ለዓመታት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች ናት። የ2015ቱን ፊልም ከእኛ ጋር ካየች በኋላ ሁላችንም ስለ መኪኖቹ፣ ስለ አሸዋው አውሎ ነፋስና እሳት ስለሚተፋው ጊታር ስናወራ እሷ ዝም ብላ ቆየችና «ቀኖቹን እንዴት አድርጋ ነው የቆጠረቻቸው?» ብላ ጠየቀችን። ማናችንም አልመለስንላትም። ለምለም ከሆነ አገር ተነሥታ በረሃ ላይ በሌላ ሰው ቤትና በሌላ ሰው ሕግ ሥር ያደገችን ልጅ ታሪክ ይህች እህታችን በትልቁ ስክሪን፣ በጊዜው፣ ከሰው ጋር ተቀምጣ እንድታይ እንፈልጋለን። ማስታወቂያችሁ በመጀመሪያ የቀማው ይህንን ነው።

ውሳኔው የተላለፈበትን ምክንያት በጽሑፍ ባናገኝም ተወካዮቻችን ወደ ቢሮ በሄዱበት ጊዜ በቃል የተነገራቸው አለ። የመጀመሪያው ምክንያት እግር ኳስ ብዙ ሰው ያስገባል የሚል ነው። ከመካከላችን የለየላቸው የማንቸስተር ዩናይትድና የማንቸስተር ሲቲ ደጋፊዎች ስላሉ ግንቦት 17 በሁለቱ መካከል የሚደረገውን የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ የሚንቅ ሰው የለንም። ነገር ግን ያንን ጨዋታ ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ፣ ከመርካቶ እስከ ቆጪ ዲሽ የሰቀለ ቤት ሁሉ ያሳየዋል፤ ሰው ሻይና ለውዙን ይዞ በቅርቡ ባለ ቤት ይመለከተዋል። ለዚህ ፊልም ግን በከተማችን ከእናንተ አዳራሽ ሌላ ቦታ የለውም። ደግሞም ነገሩ በአንድ ጨዋታ አያበቃም። የእንግሊዙ የውድድር ዓመት ሲያልቅ ሰኔ 7 የአውሮፓ ዋንጫ ይጀምራል፤ ፍጻሜው ሐምሌ 7 ነው። ስለዚህ ግንቦት ላይ የተወሰደብን ቅዳሜ የሚመለሰው፣ ከተመለሰ፣ የጅማ ክረምት ከጠነከረና ተማሪዎቹም ወደየአገራቸው ከሄዱ በኋላ ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ አሳዝኖናል። አንድ የኮሚቴው አባል «ሴት የምትመራው የመኪና ፊልም ሰው አይገባበትም» ብለው ለተወካዮቻችን ነግረዋቸዋል። በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ታሪክ ይህ አባባል ከረጅም ጊዜ በፊት የወደቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 «ኤሊየን» ሲወጣ፣ ከመርከቡ ሠራተኞች ሁሉ በሕይወት የተረፈችው ሪፕሊ የተባለች መኮንን ነበረች፤ ጽሑፉ ሲዘጋጅ የሠራተኞቹ ሚና ለወንድም ለሴትም እንዲሆን ተደርጎ ስለነበር ሲጎርኒ ዊቨር ሚናውን ስትይዝ ያለ አንዳች ይቅርታ ያዘችው። ሰባት ዓመት ቆይቶ በወጣው ሁለተኛው ክፍል በዚያው ሚና ለኦስካር የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ታጨች። የ2015ቱ የፉሪዮሳ ፊልም ለአሥር ኦስካሮች ታጭቶ ስድስቱን ወስዷል። ከሁሉ በላይ ግን የራሳችሁን አዳራሽ ምስክር አድርገን እንጠራለን። ያን ፊልም ያሳያችሁ ዕለት ወንበር ሞልቶ በግድግዳው ጥግ የቆመ ሰው ነበር፤ ከቆሙትም ውስጥ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ የመጡ ሴት ተማሪዎች ይገኙበታል። «አይገባበትም» የተባለው ሰው ገብቶ ነበር፤ ቲኬቱን የቆረጣችሁለት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ምክንያት ቅድመ ታሪክ ስለሆነ መጨረሻው ይታወቃል፣ ማን ይገባል የሚል ነው። ጅሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለመጎብኘት የሚወጣ ሰው ንጉሡ ማረፋቸውን ስለሚያውቅ ከበር አይመለስም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውን «ሮግ ዋን»ም ማንሣት ይቻላል። በ1977ቱ የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ፊልም የጠፈር ምሽጉ ዕቅድ ከጠላት መሰረቁን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ሆኖም ያንን ዕቅድ ሰርቀው ያወጡት ሰዎች እነማን እንደነበሩና ምን እንደከፈሉ ለማየት የገባው ተመልካች ፊልሙን ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኝቶለታል። ዋና ባለታሪኳ ጂን ኤርሶም ሴት ነበረች። ፉሪዮሳ የገዥው አዛዥ እንደምትሆንና አንድ እጇን እንደምታጣ እናውቃለን፤ የማናውቀው እንዴት እንደሆነ ነው፤ ለዚያ ነው ቲኬት የምንቆርጠው።

ከዚህ ውሳኔ በፊትም የቆዩ ቅሬታዎች አሉን። አዲሱ ፊልም ቢመለስልንም እንኳ በእነዚያው መንገዶች እንዳይበላሽ ስለምንሰጋ እዚህ እናነሣቸዋለን።

የ2015ቱን ፊልም ስታሳዩ በአዳራሹ ፊት የተሰቀለው ትልቅ ባነር ላይ የነበሩት ብረት ፊቱ ላይ የታሰረበት ወንድና ሁለት የሚነዱ መኪኖች ብቻ ነበሩ። ፉሪዮሳ አልነበረችም። ፊልሙን ያላየ መንገደኛ የሴት ታሪክ መሆኑን የሚያውቅበት አንድም ምልክት አልነበረውም፤ ከዚያ በኋላ ሴቶች አይመጡም ብሎ መናገር ምን ዓይነት ሒሳብ እንደሆነ አይገባንም። ባነሩን የሠራው ባለሙያ የታዘዘውን ነው የሠራው፤ ቅሬታችን ባዘዙት ላይ ነው።

የከፋው ግን መቁረጡ ነበር። ለቀጣዩ መርሐ ግብር ሰዓት አይደርስም ተብሎ ከፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ውስጥ አንድ ክፍል ተዘሎብናል፤ የተዘለለውም የፊልሙ ልብ ነው። ፉሪዮሳ ከብዙ ዓመት በኋላ የእናቷን ወገኖች፣ በሞተር ብስክሌት የሚዞሩትን አሮጊቶች ታገኛቸዋለች። አረንጓዴው ስፍራ የት እንዳለ ስትጠይቃቸው ትናንት ሌሊት ቁራ በሞላበት ረግረግ መካከል አልፈሽው መጥተሻል፣ አፈሩ ኮምጥጦ ምንም የሚበቅልበት ጠፋ ይሏታል። ከሰዎቹ ርቃ ትሄዳለች፤ የብረት እጇን አውልቃ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ትጮኻለች። ከዚያ ቀጥሎ ከአሮጊቶቹ አንዷ ከቦርሳዋ ዘር አውጥታ፣ አጋጣሚ ባገኘሁ ቁጥር አንዳንድ እተክላለሁ ብላ ለአንዷ ወጣት ታሳያታለች። በአዳራሻችን የነበረው ተመልካች ከዚህ ውስጥ አንዱንም አላየም። ሴቶቹ ተገናኙ፣ ወዲያው ደግሞ መኪኖቹ ወደመጡበት ሲመለሱ ታዩ፤ ለምን እንደሚመለሱ ያልገባው ሕዝብ «ጠፍተው ነው እንዴ?» እያለ ሲስቅ ሰምተናል። የፊልሙ አርታኢ ማርጋሬት ሲክስል 480 ሰዓት ገደማ ከሚሆን ቀረጻ መርጣ ሁለት ሰዓት ያደረሰችውን ሥራ፣ ኦስካርም ያገኘችበትን፣ እኛ ጋ ያሳጠረው የማሽን ክፍሉ ሰዓት ነው። መልኮ በሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል የቡና ዝርያ እየተሰበሰበ በሚጠበቅበት ከተማ የዘር ጠባቂዋ አሮጊት ተቆርጣ መቅረቷን ደግሞ ከቡና ገበሬ ቤት የወጡ አባሎቻችን እስካሁን ሊረሱት አልቻሉም።

አዲሱ ፊልም ሁለት ሰዓት ከሃያ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። ያኛው ታሪክ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲያልቅ ይህኛው ከልጅነት እስከ ጎልማሳነት ያሉትን ዓመታት ያቀፈ ነው። በ120 ደቂቃው ላይ የታየው መቀስ በ148ቱ ደቂቃ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ያስፈራናል።

ስለ መብራት ብዙ አንልም፤ መብራት መጥፋት የእናንተ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን የ«ኤሊየን» ቅድመ ታሪክ የሆነውን «ፕሮሜቴየስ»ን ባሳያችሁበት ቀን፣ ተመራማሪዋ ሻው በቀዶ ሕክምና ማሽኑ ውስጥ ሆና ከሆዷ አውሬውን ባስወጣችበት ቅጽበት መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ተብለን ያለ ቲኬት ገንዘባችንና ያለ ምትክ ቀን ወደ ቤታችን መመለሳችን ግን የአዳራሹ ጉዳይ ነው። በማይክሮፎን ስለሚተርኩት ወንድማችንም እንዲሁ። ድምፃቸው መልካም ነው፤ ለተከታታይ ድራማ ይሆናል። ፉሪዮሳ ግን ቃል የምትቆጥብ ባለታሪክ ናት፤ ዝም ባለች ቁጥር «አሁን ተናዳለች» የሚል ሰው በላይዋ ከተናገረ የቀረላት ነገር የለም።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሚጀምር የዚህ ርዝመት ፊልም የሚያልቀው ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ወደ ቂጦ ፉርዲሳ ወይም ወደ ጅሬን የሚሄድ ባጃጅ ማግኘት ለወንዱም ከባድ ነው፤ ቢገኝም የሚጠይቀው ሒሳብ ከቲኬቱ ይበልጣል። ከአባሎቻችን ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው፤ ዶርም የሚያድሩትም በር ይዘጋባቸዋል፤ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩትም ለዚያ ሰዓት ፈቃድ አያገኙም፤ ሰኔ ሲገባ ዝናቡም አለ። ከሴት ልጅ ሕይወት ተነሥቶ የተሠራ ፊልም ሴት ልጅ መምጣት በማትችልበት ሰዓት ሲመደብ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ወንበሩ ባዶ ይሆናል፤ ባዶው ወንበርም በሚቀጥለው ዓመት «አላልናችሁም?» ለማለት ይጠቅማል።

ሌላው የኮሚቴ አባል ደግሞ ለተወካዮቻችን «ትንሽ ጠብቁ፣ በፍላሽ ይመጣል፣ ቤታችሁ ታዩታላችሁ» ብለዋል። ፊልም የሚያሳይ ቤት ኃላፊ የተሰረቀ ቅጂ እንድንፈልግ ሲመክር መስማት አስገርሞናል። እኛ ለሥራው ከፍለን ማየት ነው የምንፈልገው። ከዚያም በላይ ይህ ፊልም ለስልክ መስተዋት የተሠራ አይደለም። ያለፈው ፊልም መጀመሪያ በአውስትራሊያው ብሮክን ሂል በረሃ ሊቀረጽ ታቅዶ ነበር፤ ያልተጠበቀ ዝናብ ዘንቦ በረሃው ሣርና አበባ ስለለበሰ ቡድኑ ባሕር አቋርጦ ናሚቢያ ገብቶ፣ እውነተኛ መኪኖችን በእውነተኛ አሸዋ ላይ እያስነዳ ቀረጸው። (ዝናብ ሥራ ሲያስፈታ ማየት ለጅማ ሰው አዲስ አይደለም፤ ለአበባው ብሎ አገር የሚለቅ ግን አይተን አናውቅም።) ያ ስፋት የሚገባው በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ብቻ ነው።

ስለ ፊልሙ ራሱ ተስፋችንንና ሥጋታችንን ደግሞ እንግለጽ። ይህ በእናንተ እጅ ያለ ጉዳይ አይደለም፤ ነገር ግን ለምን ይህን ያህል እንደምንጨነቅ ካልተረዳችሁ ጥያቄያችን የልጅ ቅብጠት ሊመስላችሁ ይችላል።

ቅድመ ታሪክ የሚተርኩ ፊልሞች ጀግኖቻቸው የሆኑትን ሴቶች ሲያባክኑ ብዙ ጊዜ አይተናል። እ.ኤ.አ. በ1999ኙ የ«ስታር ዋርስ» ቅድመ ታሪክ ሕዝብ መርጧት በልጅነቷ ንግሥት ሆና፣ ቤተ መንግሥቷን ለማስመለስ መሣሪያ ይዛ ስትዋጋ ያየናት ፓድሜ፣ በ2005ቱ ክፍል የባሏን መምጣት በመስኮት የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር ሆና፣ መንታ ወልዳ የመኖር ፍላጎት አጥታ ሞተች ተባለ። ከላይ ያነሣናት ሻውም ያን ሁሉ መከራ ተሻግራ በ2012ቱ «ፕሮሜቴየስ» መጨረሻ ፈጣሪዎቿን ፍለጋ ወደ ጠፈር ስትሄድ ተሰናብተናት ነበር፤ በ2017 የተከተለው ፊልም ሲመጣ ግን አሟሟቷን እንኳ በወጉ ሳናይ ሬሳዋን አሳዩን። ስለዚህ አዲስ ቅድመ ታሪክ በመጣ ቁጥር ደስታችን ከጥርጣሬ ጋር ነው።

ከፉሪዮሳ ታሪክ በመጀመሪያ የምንመኘው አረንጓዴውን ስፍራ በዓይናችን ማየት ነው። በ2015 በስም ብቻ ሰምተነዋል፤ ሲደረስበትም ጠፍቶ ነበር። የጠፋው ነገር ምን ያህል እንደነበረ ያላየ ተመልካች አሸዋው ላይ ለምን እንደጮኸች በግማሽ ብቻ ነው የሚረዳው። እናቷንም ማየት እንፈልጋለን፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች ከሚለው ባሻገር እነዚያን ሦስት ቀናት ልጇን ለማስመለስ ምን እንዳደረገች። እጇን ያጣችበት ሁኔታ ደም ለማሳየት ብቻ እንዳይሆን፣ የራሷ ውሳኔ ያለበት እንዲሆን እንመኛለን። መንዳትና መዋጋት የምታስተምራት ሰው ካስፈለጋት ይኑር፤ ነገር ግን የበቀሏም የተስፋዋም ባለቤት እሷው ትሁን።

ተዋናይቷን በተመለከተ በመካከላችን አንድ ሐሳብ የለንም። በ2015ቱ ፊልም ፉሪዮሳን የተጫወተችው ሻርሊዝ ቴሮን ያን ሚና በዓይኗ ብቻ ስለተሸከመችው፣ ሌላ ፊት መቀበል የከበዳቸው አባላት አሉ። ሚለር የቴሮንን ፊት በኮምፒውተር ወጣት ለማድረግ አስበው ነበር፤ ቴክኒኩ ገና አሳማኝ አልሆነም ብለው ስለተዉት ግን ሁላችንም እናመሰግናቸዋለን። አዲሷን ፉሪዮሳ፣ አኒያ ቴይለር ጆይን፣ በቼዝ ተጫዋችነት በተወነችበት ተከታታይ ድራማ ያወቅናት ሰዎች፣ ጭንቅላቷ ውስጥ የሚሆነውን ሳትናገር ማሳየት እንደምትችል አይተናል፤ ይህ ሚና የሚፈልገውም ይኸው ነው። በተቃራኒው የክፉውን ጦር አዛዥ የሚጫወተው ክሪስ ሄምስዎርዝ፣ በትሬለሩ እንደታየው ብዙ የሚያወራና የሚያስቅ ነው፤ ቀልደኛ ክፉ ሰው ዝምተኛዋን ጀግና ከገዛ ታሪኳ ገፍቶ እንዳያስወጣት እንሠጋለን። ትሬለሩ ላይ የኮምፒውተር ምስል በዝቷል የሚለው ሥጋትም በስብስባችን ክርክር አስነሥቷል፤ እሱን ፊልሙን አይተን እንፈርዳለን። እንድናየው ግን መንገዱን አትዝጉብን።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተለውን እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ «ፉሪዮሳ» ወደ ዝርዝሩ ተመልሶ፣ ፊልሙን ከሚያሰራጩት ባለመብቶች በሕጋዊ መንገድ ተገኝቶ፣ ክልሎች በሚደርሳቸው የመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ በሁለት ተከታታይ ቅዳሜዎች ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እንዲታይ እንጠይቃለን። በዚያ ሰዓት የጀመረ ፊልም ከ11 ሰዓት በፊት ስለሚያልቅ፣ ማታ የሚተላለፉት ጨዋታዎች ምንም አይጎድልባቸውም። ፊልሙ ከጅማሬው እስከ ስም ዝርዝሩ ሳይቆረጥ እንዲታይና ለዚህም በመካከሉ ዕረፍት ቢያስፈልግ ዕረፍቱ የሚሆንበት ቦታ አስቀድሞ እንዲወሰን፣ በማይክሮፎን የሚሰጠው ትረካ ቀርቶ ባለመብቶቹ በሚፈቅዱት መንገድ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የግርጌ ጽሑፍ እንዲኖር እንጠይቃለን፤ ለጽሑፉ ዝግጅት ጊዜያቸውን በነጻ የሚሰጡ አባላት አሉን። በሚሰቀለው ባነር ላይ ፉሪዮሳ ትኑር። መብራት ቢጠፋና ፊልሙ መቀጠል ባይችል ቲኬቱ ለሚቀጥለው ቀን እንዲያገለግል በቲኬቱ ጀርባ ይጻፍ። ፊልሙ ጭካኔ የሚታይበት ስለሆነ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች እንዳይገቡ በሩ ላይ ቁጥጥር እንዲደረግም እንደግፋለን፤ አስተናጋጅ ካነሰ እኛው እንቆማለን።

በመጨረሻም፣ የኮሚቴው ውሳኔ ሲሰጥ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽ፣ በፊልም መራጭ ኮሚቴው ውስጥም አሁን አንዲትም ሴት ስለሌለች ቢያንስ ሁለት መቀመጫ ለሴት ተመልካቾች እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ፊልሙ በውጭ አገር ከሚከፈትበት ከግንቦት 16 በፊት መልሳችሁን በዚያው በበሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉልን በቂያችን ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

በጅማ ከተማ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ወዳጆች ስም፣
የስብስቡ ሰብሳቢ
የስብስቡ ጸሐፊ
የሴት አባላት ተወካይ